በጸሎቱ ጸ አይደለም

ጋሽ ኑሩ ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን ደብረ ብርሃን ላይ የሰማነው ቀብራቸው ከተፈጸመ በኋላ ነው። በእምነታቸው ሥርዓት መሠረት ዕለቱን አልዩ አምባ፣ ከአባታቸው ጎን ተቀብረዋል። በማግስቱ የአንኮበርን ቁልቁለት ወርደን ለቅሶ ስንደርስ ከመሥሪያ ቤቱ የሄድነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። ኃላፊያችን ስብሰባ ነበራቸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ «የንብረት ክፍል ሠራተኛ የነበሩት» ይላል። እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ይህች አነጋገር እንዴት እንደምታንገበግብ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት እኔ እነግራችኋለሁ፤ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እኔን ነውና።

ጋሽ ኑሩ ንብረት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለረጅም ዓመታት የማሠልጠኛ ተቋማችን የሰርቨር ክፍል ባለሙያ ነበሩ። ሠልጣኞች ውጤታቸውን የሚያዩበት ድረ ገጽ በእሳቸው እጅ ነበር። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ከሰርቨሩ ጀርባ ሰደድ አድርገው ሙቀቱን ያያሉ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አድሯል» ይላሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች ያወጡትን የጥንቃቄ ማስታወቂያ አንድ በአንድ ያነባሉ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ አንዲት ሠልጣኝ ከአንኮበር ድረስ መጥታ «ስሜ የለም ይለኛል» እያለች ስታለቅስ አገኟት። ስሟ በሐመሩ ሐ ተመዝግቦ እሷ በሀሌታው ሀ ስትፈልግ ኖሯል። ጋሽ ኑሩ ስሟን አግኝተው ውጤቷን አትመው ሰጧት። በዚያ ግን አላበቁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ደክመው ድረ ገጹ ሁለቱንም ፊደል እንዲቀበል አደረጉት። «ሰው በፊደል ምክንያት መንገላታት የለበትም» አሉኝ። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፍሬ ነገሩን በመዝገብ ላይ አሰፍርና ወደሚመለከተው ክፍል እመራለሁ። በዚያ ሰሞን ከተቀጠርኩ ገና አራት ወሬ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ሠልጣኞች በሚመዘገቡበት ሳምንት ጋሽ ኑሩ አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ።

«የሺዬ፣ ይህቺን ቶሎ ለኃላፊው አድርሺልኝ። ዌብ ሰርቨሩ ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል። ሠሪዎቹ መድፈኛውን ትናንት አውጥተዋል። ክፋቱ፣ መድፈኛው ሲወጣ ቀዳዳው የት እንዳለ ሌባውም አብሮ ይሰማል። ወላሂ፣ እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር አይደለም።»

መድፈኛውን ለማስገባት ድረ ገጹ ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ይቆማል። ያለ ኃላፊው ፊርማ ግን ሰርቨሩን ለደቂቃም ማቆም ክልክል ነው። ከዚያ በፊት ለተመሳሳይ ጉዳይ የጻፉት ደብዳቤ መድፈኛውን በእንግሊዝኛ «ፓች» ስላለው ብቻ «የሥራ ቋንቋችን አማርኛ ነው» ተብሎ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ በዚህኛው አማርኛ ፈለጉለት። አባታቸው በአልዩ አምባ ገበያ የተቀደደ ጆንያ እየጣፉ ነበር ያሳደጓቸው፤ ቃሉን ከዚያ አመጡት። ደብዳቤዋ አንዲት መስመር ናት፦ «ለሰርቨር ክፍል መጣፊያ በአስቸኳይ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።»

ከሄዱ በኋላ አነበብኩት። ያሉኝን ሰምቻለሁ፤ ግን ልቤ ከፊቴ በተከመረው ወረቀት ላይ ነበር፤ ዓይኔ ደግሞ «ጣ»ዋ ላይ ተተከለ። እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ። እናቴ «ደብዳቤ ጣፊልኝ» ስትለኝ እሸማቀቅ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስገባ በዚህችው «ጥፈት» በምትል ቃል ስንት ተስቆብኛል። ስለዚህ ለጋሽ ኑሩ አዘንኩላቸው። ስህተታቸውን ልሸፍንላቸው ብዬ በመዝገቡ ላይ አሳምሬ «ለሰርቨር ክፍል መጻፊያ ስለመጠየቅ» አልኩ። የመጻፊያ ጥያቄ ደግሞ ለኃላፊው አይቀርብም፤ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ነው የሚሄደው። መራሁት።

በማግስቱ አንድ ፓኮ እስክሪብቶና ሁለት ደስጣ ወረቀት ደረሳቸው። ፓኮውን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።

«በጸሎቱ ጸ አይደለም፣ ልጄ። በጠ ነው። ጨርቅ የሚጣፍበት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። እሳቸው ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብለው ኃላፊው ቢሮ ገብተው በቃል አስረዱ። የተሰጣቸው መልስ «ምዝገባ ላይ ነን፤ ይደርሳል» የሚል ነበር። ሲወጡ «ቢያንስ መዝገቡን አርሚልኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። መዝገብ ለማረም ግን ሰርዞ መፈረም፣ ለአለቃ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ድረ ገጹ ሲከፈት የሠልጣኞቹ ውጤት የለም፤ በቦታው የተለጠፈው ስድብ ነው። ጋሽ ኑሩ በየሳምንቱ እየገለበጡ ያስቀመጡት ቅጂ ነበራቸውና በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም መለሱት። እግዜር ይስጥልኝ ያላቸው የለም። ቀዳዳውንም ያን ጊዜ ጣፉት፤ የፈጀው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለዚህች ግማሽ ሰዓት ነው ፈቃድ የታጣው።

ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። «አደጋ እንዳለ በጽሑፍ አሳውቀዋል?» ተባሉ። «አሳውቄያለሁ፤ ገቢ ሆኗል» አሉ። መዝገቡን ይዤ እንድቀርብ ተጠራሁ። ኃላፊው «በቃል የተነገረኝ ነገር አላስታውስም» ብለው ነበር፤ አሁን የቀረው የእኔ መዝገብ ነው። አነበብኩ፦ «ለሰርቨር ክፍል መጻፊያ ስለመጠየቅ።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። «ቤቱ ሊዘረፍ ሲል እርስዎ እስክሪብቶ ይጠይቃሉ?»

ጋሽ ኑሩ በእጃቸው ያለውን የደብዳቤውን ቅጂ አሳዩ። ተቀባበሉት። «ይኼ እኮ የቆላ አነጋገር ነው፤ መጻፊያ ማለትዎ ነው» አሏቸው። ጋሽ ኑሩ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ መዝገቡን አየሁ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ መዝገቡን ዘጋሁት።

እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ የተጻፈውን ነው ያነበበችው። ከዚህ በላይ አታስጨንቋት።»

በቸልተኝነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ከማኅደራቸው ጋር ተያያዘ። ከሰርቨር ክፍል ተነሥተው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ። እስክሪብቶ አዳይ አደረጓቸው። ይህን የወሰነው ሰው ፌዙ ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፤ የትኛው እንደሚብስም አላውቅም። ሕመሙ እስኪጥላቸው ድረስ እዚያች መስኮት ጋ ተቀምጠው እስክሪብቶ አደሉ። ልወስድ በሄድኩ ቁጥር «የሺዬ፣ ዛሬ በጸሎቱ ጸ ነው አይደል?» ይሉኝ ነበር። እስቃለሁ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቅሳለሁ። ተመልሼ ግን እውነቱን አልተናገርኩም፤ ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ በኋላ እንኳ አልተናገርኩም።

ጋሼ፣ አንድ ቀን ቂም ይዘውብኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ግን በሄድኩ ቁጥር ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኝ ነበር። ማስጠንቀቂያው አሁንም ማኅደርዎ ውስጥ አለ። ዛሬ ጠዋት ይነሣ ዘንድ ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለኮሚቴው አባላት ለእያንዳንዳቸው ግልባጭ አድርጌአለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን በስሜ ፈርሜአለሁ። ይህንንም ጽሑፍ ለሚያውቁዎት ሁሉ የምልከው ኃላፊውና ኮሚቴው ደብዳቤውን ቢደብቁት እንኳ ሰው እንዲያውቀው ነው። ዘግይቻለሁ። እርስዎ በሕይወት ሳሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

ደብዳቤውን በመዝገብ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ መጨረሻ በሰጡኝ እስክሪብቶ። ፍሬ ነገሩን «ጋሽ ኑሩ ለሰርቨር ክፍል መጣፊያ መጠየቃቸውን ስለማሳወቅ» አልኩት። አዲሷ የሥራ ባልደረባዬ በትከሻዬ በኩል አይታ «ፊደሉን አስተካክዪው እንጂ» አለችኝ። አልነካሁትም፣ ጋሼ። በጠ ነው የጻፍኩት።