ግብር እምቢ ያሉትን አጎቴን ይዤ ወደ ኢሚግሬሽን

ሎስ አንጀለስ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ 1997 እ.ኤ.አ.

የሥራ ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ። ላስ ቬጋስ የሚኖሩት አጎቴ ጋሽ ጥላሁን ከሰዓት በኋላ የዜግነት ቃለ መጠይቅ አላቸው፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ካለፉ ጎጃም የቀሩትን ባለቤታቸውን እትዬ ዝናሽን ቶሎ ያመጣሉ። ከወደቁ እንደገና ዓመታት መጠበቅ ነው።

ባርስቶው፣ ረፋድ

በረሃ፣ የጭነት መኪና፣ ነፋስ። ቡናው ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም፤ ጣዕሙ እጣቢ። ከሕዝብ ስልክ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ አጠኑ?"

"የማሳቹሴትስ ገበሬዎችን የአመፅ ታሪክ ደጋግሜ አስነበብኩ።"

"ሌላውንስ?"

"ሌላው ይደርሳል።"

ፈርዶብኝ!

ላስ ቬጋስ፣ ቀትር

ስትሪፕ የሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ፣ ዕቃ ከሚያጥቡበት ሆቴል ጓሮ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኳቸው። የመኪናውን በር ሳይዘጉ ጀመሩ።

"የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የማሳቹሴትስ ገበሬ ከእንግሊዝ ጋር ለነፃነት ተዋጋ። ቤቱ ሲመለስ ደመወዝ የለም። ግብር አምጣ፣ ዕዳህን ክፈል፣ አለዚያ መሬትህ ይሸጣል፣ አንተም ትታሰራለህ አሉት። ታዲያ ፍርድ ቤቱን ቢዘጋ ምን አጠፋ?"

"ከጠየቁዎት አመጸኞች ነበሩ ይበሉና ዝም ይበሉ!"

"እኔም በጎልማሳነቴ ጎጃም ላይ የንጉሡን ግብር ጣዮች በጠመንጃ መልሻለሁ። አመጸኛ ነኝ?"

"ይህንንማ እንዳያነሱ! በእመቤቴ!"

"በስሟ ውሸት አትለምኚኝ" ብለው ተቆጡ። ኤጭ! መንገዱን ሁሉ ተኳርፈን ሄድን።

ኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ፤ እኔም በትክክል ልተረጉም ማልኩ። ጥያቄው በሰላም ሲሄድ ቆይቶ ጠያቂዋ "መንግሥትን በመሣሪያ ተቃውመው ያውቃሉ?" አለች።

"አዎ" አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"ኖ" ብዬ ተረጎምኩ።

ያቺን የወጥ ቤት እንግሊዝኛቸውን መዘዟት። "ኖ፣ ኖ! የስ! ታክስ! ፋርመር! ላይክ ማሳቹሴትስ!"

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሴ ገላመጠችኝና በሩን አሳየችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተብከነከንኩ። ምናለ አንዴ ዝም ቢሉ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለእትዬ ዝናሽ ምን ብዬ ልደውል?

ጋሼ በስልክ በተገኘ ሌላ አስተርጓሚ ጨርሰው፣ ቆይተው ወጡ።

"ገበሬዎቹን ታውቃቸዋለች። በኋላ ምሕረት ተደረገላቸው አለችኝ። እኛንም ንጉሡ ምረውናል አልኳት። አለፍኩ።"

"ባያልፉስ ኖሮ?" አልኩ። "እትዬ ዝናሽን አላሰቡም?"

"እሷን አስቤ ነው እንጂ። በሐሰት መሐላ አምጥቼያት ዓይኗን እንዴት አያለሁ?"

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶ ቀደመኝ።