ድልድዩን የዘጋችው ወፍ

የጅራፍ ጩኸት ስሰማ እስከ ዛሬ ጥርሴን ነው የምነክሰው። ሰው ሁሉ ቡሄ ደረሰ ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ ትዝ የምትለኝ ያቺ መብረር የማትችል ወፍ ናት።

ደብረ ታቦር፣ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከፊት ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ጌም ቤት ነበራቸው። የጋለ ቴሌቪዥንና የረጠበ ሹራብ ይሸታል። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጆይስቲኩን ይቀባበላሉ፤ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ለሴት ልጅ ተራ አይሰጥም ነበር፣ አለቀ።

ጨዋታው ውስጥ ሁሉም የሚሞቱት አንድ ቦታ ነው። ጥጃ የምታክል ወፍ ድልድዩን ዘግታ ቆማለች፤ ክንፏ ጭራሮ፣ እግሯ የበሬ። ሰይፍ መዘው ይሮጡባታል፣ በአንድ እርግጫ ትዘርራቸዋለች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነበው የለም። እኔ ግን ቆሜ ሳይ ገባኝ፤ ሰይፍ ካልተመዘዘባት አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

«ሰይፉን አትምዘዘው» አልኩት ታላቅ ወንድሜን።

«ልስገድላት እንዴ? ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ።» አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

የቡሄ ዕለት ወንዶቹ ጅራፋቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሊሉ ወጡ። ቤቱ ባዶ ሆነ። «ግቢ ልጄ፣ ዛሬ ያንቺ ነው» አሉኝ ባለሱቁ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ጣቴን ከሰይፉ ቁልፍ አንስቼ ጠበቅኩ። ወፏ ቀረበች፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ጀርባዋ ላይ ወጣሁ። ከድልድዩ ማዶ በከተማችን ማንም ያላየው አረንጓዴ ሜዳ ተከፈተ። ጎረቤት ደጃፍ ይጨፍር የነበረውን ወንድሜን «ወፏን ጋለብኳት፣ ና እይ!» ብዬ በመስኮት ጠራሁት። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። መጋረጃውን ሲገልጠው መብራት ሄደ።

ሴቭ የሚያደርገው ካርድ ከተበላሸ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ጨዋታው ከሀ ይጀምራል።

«ታዲያ የታለች ፈረስሽ?» አለኝ። «ውሸታም።»

በንዴት አለቀስኩ። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ «ወላሂ አይቻለሁ» አሉ ባለሱቁ። «ተቀምጣባት ስትሻገር በዓይኔ አይቻለሁ።»

በማግስቱ አግዳሚው እንደገና ሞላ። ወንድሜ ሰይፉን ሳይመዝ ተሻገረ፣ «እኔ ነኝ ያላመድኳት» እያለም ለሰፈሩ አወራ። ለእኔ ተራ አልደረሰኝም።

ጌም ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ባለሱቁ እብናት፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ አሉ። አላመሰገንኳቸውም። እኔ በወፏ ስሻገር እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ለአንዲት ሴት ጨርቅ ሲለኩ በመጋረጃው ክፍተት አይቻቸዋለሁ። ለአንድ ክንድ አቡጀዲ እንኳ የማይምሉ ሰው ነበሩ።