የዳልጮ ቀይና ቢጫ ክር

የጠመንጃ ዘይት ከላምባ ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር የነበረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ጣቢያችን ፊቴ ድቅን ይላል። እኔ የጣቢያው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዳልጮ ደግሞ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ። የሸማኔ ልጅ ነውና ጠመንጃ የሚለየው ዱንጉዛ ልብስ በሚሸመንበት ክር ነበር፤ የምንሽር ማንገቻ ላይ ቀይ፣ የኤም ፎርቲን ማንገቻ ላይ ቢጫ ያስራል። የጥይት ከረጢቶቹም እንደዚያው ናቸው። ጠባቂው በጠባቧ መስኮት ማንገቻውን ብቻ ያሳያል፤ እንደ ክሩ ቀለም ጥይቱን ይቀበላል። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው አልተጎዳም።

በኋላ ሔርሜላ የምትባል ወጣት ሠልጥና ተመደበች። እሷ የምታስተያየው ጥይቱ ቂጥ ላይና ጠመንጃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው።

"ጋሼ፣ ክሩ ቢቀየርስ?" አለችው።

"እዚህ ቤት የሚሠራው በክር ነው!"

እሺ ብላ ታዘዘች። ጠባቂዎቹ ግን መስኮቱ ላይ እሷን ሲያዩ መሄድ ይረሳሉ። አለቃችንም ክፍሉን በወሩ መጨረሻ ከሁለቱ ላንዳቸው እንደሚያስረክብ ተናግሯል። ዳልጮ ምሳውን ብቻውን ይበላ ጀመር።

"ለእኔ ማን ቆሞ ያውቃል?" አለኝ አንድ ቀን። እኔ ስንት ዓመት እዚያው መስኮት ላይ ቆሜ እንዳወራሁት እንኳ ረስቶታል።

የተኩስ ልምምድ ቀን ጠዋት፣ ጠባቂው ክብሩ ልጁን ገረሴ ከተማ ድሮ መጣ።

"ዛሬ መስኮቱ ፈክቷል!" አለ ሔርሜላን አይቶ።

"የፈካኸውስ አንተ ነህ፤ የሠርግ ሥጋ ስትቆርጥ ከርመህ" አለ ዳልጮ ፊቱን ሳይፈታ።

ክብሩ እየሳቀ የምንሽሩን ማንገቻ አቀረበ። ቀዩ ክር አርጅቶ ስለተበጠሰ ሚዜዎቹ ለሠርጉ ማሳመሪያ ቢጫ አስረውበታል። ሔርሜላ ቢጫውን አይታ ከቢጫው ከረጢት አምስት ጥይት ሰጠችው። ከኋላዋ የቆመው ዳልጮ ማንገቻውን እንደ ገዛ ቀበቶው ያውቀዋል። ዝም አለ።

የኤም ፎርቲን ጥይት ከምንሽሩ አጠር፣ ቀጠን ይላል። ምንሽር ውስጥ ሲያጎርሱት ስለሚገባ ልኩ ይመስላል። ሲተኮስ ግን ቀለሃው ይሰነጠቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ክብሩ ሜዳው ላይ ተኛ። አለቃው አጠገቡ ቆሟል። ጠመንጃውን ሲያጎርስ ሦስታችንም በመሣሪያ ክፍሉ መስኮት እናያለን። ይኼኔ ዳልጮ በሩን በርግዶ ሮጠ፤ "ክብሩ! እንዳትተኩስ!" እያለ።

ጥይቶቹን በመዳፉ ጨብጦ ተመለሰ። አለቃው ተከትሎት ገባ።

"ማነው የሰጠው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሔርሜላ። ከዚያ ወደ ዳልጮ ዞረች። "ጋሼ፣ ክሩ መቀየሩን መቼ ነው ያዩት?"

ዳልጮ ላቡን ጠረገ። "ማንገቻውን ሲያቀርብልሽ።"

"እና ዝም አሉ?"

"ዝም አልኩ።"

አለቃው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ሔርሜላ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንሥታ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳትለን ወጣች።