የስምንተኛ ክፍሏ ልጅና የእድራችን ደንብ

ሽሮ ሜዳ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ለሰፈሩ እንግዳ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የለመድኩት ሸማ እየሠራሁ፣ ድር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። ዛሬ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በአንቀጽ እጠቅሳለሁ፤ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ማመልከቻ ሊያጽፉ ቤቴ ይመጣሉ። የሰፈራችን እድር ዳኛም እኔ ነኝ፤ ልተወው ብል እንኳ የሚተካኝ አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ጥጥ ፈታይ ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ሸጎሌ የተከራዩትን ክፍል ባለቤቱ ፈልጎት ከለቀቁ ወዲህ፣ እዚህ እኛ ዘንድ አንድ የጋቢ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የሚያድሩት። ልጅቱ ወደ ስምንተኛ ክፍል አልፋለች። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ያለ ወላጅ የነዋሪነት መታወቂያ አልመዘግብም አለ፤ ወረዳው ደግሞ ያለ ቤት ቁጥር መታወቂያ አልሰጥም አለ። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ካመለጣት ሚኒስትሪ ሳትፈተን ዓመቱ ይቃጠልባታል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ወጣት ነው፤ እንደሚገባኝ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

«የምታስተምሩት ልጅ ነው ወይስ የቤት ቁጥር?» አልኩት።

«አባባ፣ መማር መብቷ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን ከላይ አድራሻዋን ሲጠይቁኝ በረንዳ ነው ብዬ ልመልስ? እድራችሁ ነዋሪያችን ናት ብሎ ማኅተም ያድርግልኝና ልመዝግባት፤ መታወቂያው በኋላ ይምጣ።»

እሁድ እድሩን ሰበሰብኩ። ማኅተማችን የሚያርፈው ለአባል ብቻ ስለሆነ ሴትየዋ አባል ትሁን ብዬ አቀረብኩ። አንድ ሸማኔ ጓደኛዬ ተነሣ።

«ዳኛው፣ ለቅሶ ሲኖር ማንም ሳይጠራት መጥታ ሳህን ስታጥብ አይቻለሁ፤ እሷን ጠልቼ አይደለም። ግን ነገ ለቅሶ ቢደርስባት ድንኳኑን የት ልንተክልላት ነው? በረንዳ ላይ?»

ሰው ሳቀ። ባለሱቁም «እኔ ፈቅጃለሁ፤ ገዢ እንዳታስደነግጡብኝ ብቻ!» አለ። ሴትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ልጅቱ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«የእኔ ደጅ ላይ ይተከላል። መዝግቡላት!» አልኩ።

«ባለቤትህን አስፈቅደሃል?» አለኝ ሸማኔው።

ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና መለሰችለት፦ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መቼ አስፈቅዶኝ ያውቃል! እኔ የምለው፣ ለለቅሶዋ ደጃችንን ከሰጠን በደህና ቀኗ በረንዳ ላይ ምን ትሠራለች? ዛሬውኑ ይግቡ።»

እኔም ይህንኑ ላነሳ ስል ነው የቀደመችኝ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም፤ ማኅተሙ አረፈ።

ሰው ስለሚረሳ፣ በዚያ ዓመት የሠራሁትን ልዘርዝር።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱን ራሴ ይዤ ሄጄ አስመዘገብኩ።

ቤት የሌለው ሰው በሌላ አባል ደጅ እንዲመዘገብ የእድሩን ደንብ አሻሻልኩ።

ሸማ የምሠራበትን ክፍል ለእናትና ልጅ ለቀቅኩ። ሚስቴ «አስለቀቅኩት» ትላለች።

በእኛ ቤት ቁጥር ለእናትየዋ መታወቂያ አስወጣሁ።

ልጅቱን ሒሳብ አስጠናኋት፤ አልጀብራ ላይ ስንደርስ ደግሞ እሷ አስጠናችኝ።

ሚኒስትሪ ተፈትና አለፈች።