የእማዬ ጀርባ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ

ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን አቅና! ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ የማይሞላ፣ ወገቧ የጎበጠ፣ እጇን በረኪና የላጠው አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ በሰማይ ሥርዓት ላይ ተነስታለችና ሁሉም በየቤቱ ይጠንቀቅ። ጥያቄዋ «እናቴን ሳጥብ ከላይ አትዩብኝ» የሚል ነው። ድፍረቷን ተመልከቱ!

ይቺ አደገኛ ሰው ሃያ ሦስት ዓመት አንሶላ አጥባለች። የመዝገብ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ በሥራ ቦታዋ እትዬ አንሶላ ነው የሚሏት። በልብስ ማጠቢያው ክፍል አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ የሚከበረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የቆሸሸ አንሶላ ከሕሙማን ክፍል ሲወጣ እድፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የማን ደም፣ የማን ሽንት እንደሆነ መተላለፊያው ላይ የቆመ ሁሉ ማየት የለበትም። ሥራ ያስተማሯት አሮጊት «የሰው ገመና ተሸክመሽ ስታልፊ እያሳየሽ አትለፊ» ብለዋታል። እሷም እስከ ዛሬ ስታጥፍ ኖራለች።

እናቷ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሳፋው ከገባ ሰው አይገባም፣ ሰው ከገባ ሳፋው ደጅ ይቀራል። ደግሞም በመተኛት ብዛት ጀርባቸው ቆስሏል፤ ቁስሉን የምታክመው ነርስም «ፀሐይና ንፋስ ካላገኘ አይድንም» ብላለች። ስለዚህ በየእረፍት ቀኗ፣ ረፋድ ላይ፣ ከሰው ቁመት በሚበልጠው የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ታጥባቸዋለች።

«በሩን ቀረቀርሽው?»

«ቀርቅሬዋለሁ እማዬ።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ደግማ ታያለች። እናቲቱ ሻሻቸውን የሚፈቱት ለሦስተኛ ጊዜ ከታየ በኋላ ነው። አራቱንም አቅጣጫ በሚገባ ይጠብቁ ነበር። አምስተኛ አቅጣጫ እንዳለ ማን ነገራቸው?

አንድ ረፋድ ከላይ እዝዝ የሚል ነገር መጣ።

«ንብ ነው እንዴ?» አሉ እናቲቱ፣ ራሳቸው ላይ ሳሙና እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«እንጃ፣ ይሆናል።»

«ንብ ከሆነማ ይለፍ። ከእኔ ላይ ምን አበባ አገኘና!»

ልጂቱ ሳቀች። ውሃ አፈሰሰችላቸው። ያም ነገር ትንሽ ቆም ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ፣ በሥራ ቦታ፣ ልብስ ተኳሹ ካውያውን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። «እትዬ አንሶላ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ግቢያችሁ አይደል?»

ከግቢዋ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ዘጠኝ ፎቅ የሚሠራው ቤት ሻጭ ድርጅት ማስታወቂያ ነበር። ድሮን አስነስቶ፣ ገና ያልተሠራውን በረንዳ ከፍታ ለክቶ፣ ቁልቁል ቀርጿል። «ከበረንዳዎ የሚያዩት!» ይላል፣ ከዋሽንት ጋር። ከበረንዳው የሚታየው ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ ሳፋ፣ የእናቷ ራቁት ጀርባ፣ ቁስሉም ጭምር።

«አጥፋው» አለች።

«የእኔን ባጠፋው የሌላውን ምን ልታደርጊ ነው?»

እውነቱን ነው። አንዲት ወሬኛ ጎረቤት ቀድማት ቤት ደርሳ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ በስልክ አየንዎት!» ብላ ኖሯል። እናቲቱ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው አስረው ጠበቋት።

«ያንን ነገር እስክታነሺልኝ ደጅ አልወጣም።»

«ቁስሉስ እማዬ?»

«ቁስሉ የእኔ ነው። ጀርባዬም የእኔ ነበር።»

ከላይ አንሶላ ልወጥር ብትል ፀሐዩም አብሮ ተከለከለ። ወደ ድርጅቱ ሄደች። እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታዋን ሳትሰበስብ «እናቴ፣ ቆንጆ እኮ ነው የወጣው! ሰፈሩ ሕይወት እንዳለው ያሳያል» አለቻት። አክላም «ግቢው የእርስዎ ነው፤ አየሩ ግን የማንም አይደለም።»

«እናቴስ የማን ናት?»

ይህን የሚመለከት ክፍል አልነበራቸውም።

ቀጥሎ የአካባቢው አስተዳደር። የመስኮቱ ጸሐፊ ማመልከቻዋን ገልብጦ አየና «ማስረጃውስ?» አላት።

«ምን ማስረጃ?»

«እናትዎ ታዩበት ያሉት ምስል ነዋ! ሳናየው መታየት የሌለበት መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው። ምስሉን በወረቀት አሳትማ መጣች። ወረቀቱን እንደ ለመደችው ምስሉን ወደ ውስጥ አጥፋ አቀረበች። ጸሐፊው ዘረጋው። መዝገብ ቤት አጥፋ ወሰደችው፤ እዚያም ዘረጉት፣ ማኅተም መቱበት፤ ክቡ ማኅተም ከቁስሉ አጠገብ አረፈ። የቡድን መሪው ዘርግቶ ባልደረባውን ጠራ፤ ባልደረባው መነጽሩን ሊያመጣ ሄደ። አምስት ጠረጴዛ፣ አምስት ጊዜ መዘርጋት፣ አምስት ጊዜ ማጠፍ። ጣቷ አንሶላ ሙሉ ቀን ሲጠመዝዝ እንዲህ ደክሞ አያውቅም። ማታ ማታ እናቷ ይጠይቃሉ።

«ዛሬስ ማን አየኝ?»

«ማንም። ሊነሳ ነው፣ ጨርሻለሁ።»

ቁስሉ ግን እየሰፋ ነው፤ ነርሷ ጨርቁን በቀን ሁለቴ መቀየር ጀምራለች።

ትናንት ውጤት ልትሰማ ስትገባ የአስተዳደሩ አጥር ግቢ ውስጥ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰዎች ተሰብስበው አየች። መስታወቱ ውስጥ፣ በውሃ ሥራዎች ማሳሰቢያና በጠፋ መታወቂያ መካከል፣ ማመልከቻዋ ከነአባሪው ተለጥፏል።

«ደንብ ነው እናቴ» አላት ጸሐፊው። «ማንኛውም አቤቱታ ከነማስረጃው አሥራ አምስት ቀን ይለጠፋል፤ የሚቃወም ካለ።»

«ማን ነው የሚቃወመው?»

«እሱን ለማወቅ እኮ ነው የሚለጠፈው!»

«እሺ፣ አጥፋችሁ ለጥፉት።»

«ቁልፉ የተያዘው ስልጠና በሄደው ሰውዬ ነው።»

አልጮኸችም። ለጩኸት የሚተርፍ ጉልበት ቢኖራት ሳፋ ታነሳበት ነበር። ሄዳ ሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ጀርባዋን ለመስታወቱ፣ ፊቷን ለሰዉ ሰጥታ። ቁመቷ አጭር ቢሆንም ወረቀቱ የተለጠፈው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ልክ ይሸፍነዋል። ቢሮው እስኪዘጋ ንቅንቅ አላለችም። ዘበኛው ወንበር አመጣላት፤ ብትቀመጥ ምስሉ ስለሚታይ እንቢ አለች።

ዛሬም ትቆማለች፣ ነገም፤ ገና አሥራ አራት ቀን አለ። ነገር ግን ከሥራ የምትወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ቢሮው የሚከፈተው ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመሃል ሰባት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳው ፊት ጀርባ የለም። አንተ ይህን ተቀምጠህ የምታነብ፣ ጀርባህ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት እስቲ መጥተህ ሰሌዳው ፊት ቁምላት።