በግንድ ላይ የተንከባለለው ሆቴል

ቅዳሜ ንጋት፣ ሮቢንስዴል፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ

ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር አልተኛሁም። መንገድ ባለበት ዋዜማ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ መንገድ በሌለበትም ያው ነኝ። የእህቴ ባል ገመቹ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። እህቴ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ደረጃው ላይ ቆማለች። ባሏ እንዳይሰማ ጠጋ ብላ፣ "ደረጀ፣ አደራህን አስጥለው" አለችኝ።

የማስጥለው ሆቴል መግዛቱን ነው። ገመቹ የትራክ ሹፌር ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ወደ ሰሜን ጭነት ይዞ ሲሄድ በረዶ መንገድ ዘጋበትና ኬልተን የምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ሆቴል አደረ። ከዚያ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ባለቤቱ ኤልመር የሚባል ሽማግሌ ነው። የሚረከበው ልጅ ስላጣ፣ በዚህ ኦክቶበር ከቅዳሜዎቹ ባንዱ ና እንጨርስ ብሎታል። ገመቹ ያጠራቀመው ሁሉ ለዚህ ነው። ሆስፒታል የምትሠራው ፀሐይ ግን በጋውን ሙሉ ሄደሽ እዪው ሲላት፣ ካየሁት ታሳምነኛለህ ብላ እግሯን አላነሣችም። በሷ ፈንታ የተላክሁት እኔ ነኝ፣ ያውም የባሏን ነዳጅ እየጨረስኩ።

ሰርቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና፣ ወደ ሰሜን

ከተማውን ለቀን ስንወጣ ሰማዩ ግራጫ ነው። የበቆሎ ማሳ፣ የጀልባ መሸጫ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ እንደገና በቆሎ። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረጉ አዳኞች በፒክአፕ እየቀደሙን ይከንፋሉ። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ አደርጋለሁ፣ ወደ ፊት እመልሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

"እባክህ ተረጋጋ፤ መኪናው ራሱ ነርቨስ ሆነ" አለኝ ገመቹ።

ሥራዬን ጀመርኩ። በክረምት ማን ይመጣልሃል አልኩት። ማዕድኑ ዘንድሮ ሰው እየቀጠረ ነው፣ ሠራተኞቹ ማደሪያ አጥተው መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ አለኝ። ጣሪያውስ? ኤልመር ባለፈው ዓመት አስጠግኖታል። እዚያ አገር ሐበሻ የለም አልኩት። በዚህ ሳቀ፤ "እሱንማ እንደ ጥቅም ነው የቆጠርኩት" አለ።

ከዚያ የሆቴሉን ታሪክ ያወራልኝ ጀመር። ኤልመር ቁርስ ላይ የነገረውን ነው፤ ገመቹ ግን የሚያወራው የራሱ አያት ታሪክ አስመስሎ ነው። ከተማው መጀመሪያ የተቆረቆረው ሌላ ቦታ ነበር። ኋላ ብረቱ ከቤቶቹ ሥር ተገኘና ማዕድን ቆፋሪው ኩባንያ ተነሡ አላቸው። ቤቱን፣ ሱቁን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ግንድ ላይ እያንከባለሉ ጎተቱት። ሆቴሉም እንዲሁ በግንድ ላይ ሄደ። እንግዶቹ አንወጣም ብለው ውስጥ ቀሩ። ወጥ ቤቷም ምድጃውን ሳታጠፋ፣ ቤቱ እየሄደ ሾርባ ሠርታ አበላቻቸው። ጠብታ አልፈሰሰም ይላል ኤልመር።

"ሾርባው እንኳ ትንሽ ሳይፈስ አይቀርም" አልኩ።

"ፈሷል ብሎ የጻፈ የለም።"

በዚያ ዘመን አንድ አልጋ ለሁለት ሰው ይከራይ ነበር። የቀን ፈረቃው ሲነሣ የሌሊት ፈረቃው ይተኛበታል፤ አንሶላው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አልነበረም። ገመቹ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እሱም መጀመሪያ አሜሪካ ሲገባ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አጠገብ ከሦስት የፍቼ ልጆች ጋር ፍራሽ እየተፈራረቀ ኖሯል። ኤልመር ያንን ሲሰማ ተነሥቶ ሁለተኛ ቁርስ አቀረበለት፣ ሂሳቡንም አልተቀበለውም። እኔም ማስጣሉን ለጊዜው ተውኩት።

እኩለ ቀን፣ ኬልተን

መንገዱ ዳር ያለው አፈር ቀይ ነው፤ የቆመው መኪና ሁሉ ጎማው ቀይ ነው። ከከተማው ጀርባ ጉድጓዱ ይታያል፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርድ፣ ግርጌው ውሃ የቋጠረ። ዋናው መንገድ ላይ ባንክ የነበረ ፒዛ ቤት፣ ልብስ ቤት የነበረ ባዶ ቤት፣ አንድ ቡና ቤት። ጥግ ላይ ሆቴሉ። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት፣ በረንዳው ወደ ግራ ያዘነበለ። ደስ አይልም ብዬ ልምል ነበር፤ ደስ ይላል።

በሩን የከፈተችው የኤልመር ሚስት ማርሊን ናት። ነጭ ሹራብ፣ ያበጠ ዐይን። ገመቹን አየችና፣ አንተ የትራኩ ሰው ነህ አለችው። ኤልመር ማረፉን፣ ሐሙስ እንደቀበሩት፣ ትመጣለህ ብሎ ሲጠብቀው እንደነበረ ነገረችን። ቀጥላም ክፍሎቹን ላሳያችሁ አለችና የቁልፎቹን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የናስ ቁጥር አለው።

ገመቹ ኮፍያውን አወለቀ። ሳይናገር ግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፋ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ ማንም አያስተምረንም፤ እግራችን ያውቀዋል።

 ማርሊንም ከፊታችን ተቀመጠች። ጎረቤቶች ያመጡት ምግብ በየትሪው ተሸፍኖ ተደርድሯል፤ ለካ እነሱም ለሐዘን ቤት ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ድንችና ሥጋ ያለበትን ሆትዲሽ ቆርሳ ሰጠችን፣ በላን። ገመቹ ሳህኖቹን አጠበ፣ የተበታተኑትን ወንበሮች መለሰ፣ እንደገና ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁ፤ ሆቴሉ ግንድ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ጭስ እየወጣ። የሾርባው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ማርሊን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ሊገዛ የሚፈልግ ሌላ ሰው እንደሚመጣ ተናገረች። ቁልፎቹን በጣቷ ትንሽ ወደ እኛ ገፋ አደረገች። ለማስጣል የተላክሁት እኔ ወደ ገመቹ ጠጋ አልኩ።

"ጠይቃት እንጂ፣ ሰውዬው ሊቀድምህ ነው" አልኩት በአማርኛ።

"ዛሬ ሣልስቱ ነው" አለኝ ሳያየኝ። "በሰውዬው ሣልስት ቤቱን ልደራደር?"

ስንወጣ ሁለት እጇን ይዞ እግዜር ያጽናሽ አላት፣ በእንግሊዝኛ እንደተቻለው አድርጎ። ስለ ሆቴሉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስልኩን ጽፎ ሰጣትና ለሚያስፈልግሽ ሁሉ ደውይ አላት። ዞር ስል ቁልፎቹን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሂንክሊ

በመመለሻችን ነዳጅ ስንቀዳ ማርሊን ደወለች። ገመቹ መኪናው ውስጥ ገብቶ ስፒከር ላይ አደረገው። ለሌላው ሰውዬ ቃሏን ሰጥታለች። ፎቁን እንኳ ስላላያችሁ፣ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ልትነግሩኝ አፍራችሁ መስሎኝ ነው አለች። ሰውዬው ቤቱን አፍርሶ፣ የድሮውን የወለል እንጨት ሚኒያፖሊስ ለሚከፈቱ ሬስቶራንቶች ይሸጠዋል።

"ሐዘን ላይ ነበርሽ፤ ዋጋ መጠየቅ ነውር ስለሆነብኝ ነው" አላት ገመቹ።

 "ኤልመር ቢሆን ይገባው ነበር" አለች በመጨረሻ። "እኔ አልገባኝም። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

ቃልሽን ጠብቂ አላት። ስልኩን ዘጋና ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። እኔ የተላክሁበት ጉዳይ ተሳክቷል፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከፋኝ ቀን ጥቂት ነው። ልንዳልህ አልኩት፤ ራሱ ነዳ። እስከ ቤት ወንበሬን አልነካሁም።

ምሽት፣ ሮቢንስዴል

ፀሐይ በሩን የከፈተችው ገና ደረጃው ላይ ሳንደርስ ነው። ትንሿ ልጃቸው ከኋላዋ ብቅ ብላ፣ "ዲድ ዊ ጌት ዘ ሆቴል?" አለች።

"አልገዛንም" አለ ገመቹ። "ኤልመር ሞቷል። ለቅሶ ደርሰን መጣን።"

እህቴ ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን አየሁ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ሚስቱ ጋ ማን አለ?"

"ማንም። ልጇ አላስካ ናት፤ ቀብራ ተመለሰች።"

"ብቻዋን ትታችኋት መጣችሁ?"

 ጋቢዋን አወለቀችና ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች፤ ነገ እሑድ ሥራ እንደሌላት፣ ትንሿን ልጅ ይዛ አሁኑኑ ሴትየዋ ጋ እንደምትሄድ ተናገረች። ባሏ ቀና ብሎ አያት። ሄደሽ እዪው ብሎ በጋውን ሙሉ ለምኗታል።

"ፀሐይ፣ መንገዱ እኮ ሩቅ ነው" አላት። "ሆቴሉም ተሸጧል።"

"ሆቴል መች አልኩህ? ሰው አልሞተም?"

የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወሰደች። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ፤ ያለቀሰው ያኔ ነው።