የቴሌቪዥኑ ሀብታም ዋስ የሆነ ለታ

ትናንት አንዱ የሰፈር ጎረምሳ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ በጃንሆይ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ይሰሩ ነበር አሉ። ታዲያ ሀብቱ የት ገባ?» አይለኝም! ሳቄ አመለጠኝ። ከሱ በፊት ስለ ሀብቴ ያስጨነቀኝ አንድ የፖሊስ መኮንን ነበር።

እስቲ ስሙኝማ። ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ ማታ አንድ ቱጃር ነጋዴ ሆኜ እተውናለሁ። ካፖርት፣ የወርቅ ሰዓት፣ ፎቅ ቤት... ምን የሌለኝ አለ! ካፖርቱ የጣቢያው ነው። ሰዓቱ አይሰራም። ፎቁ ደግሞ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስደገፈው እንዳይወድቅ ከኋላ ሰው ይይዝልኝ ነበር።

እኔ ራሴማ የከተማው ኪራይ አልቀመስ ብሎኝ፣ ሰበታ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሎንቺና እመላለስ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የኦቦ ደበላ ሚስት፣ አዴ ብርቄ፣ እያለቀሱ መጡ። ለካ ኦቦ ደበላ «በሬህ ማሳ ገባ» በሚል ከአንድ ባለመሬት ዘበኛ ጋር ተጣልተው፣ ሰውየውን በዱላ ብለውት ታስረዋል። ፍርድ ቤት የሚቀርቡት ሰኞ ነው። እሁድ ደግሞ ልጃቸው ልትዳር ነው!

«አባቷ ሳይመርቃት እንዴት ከቤት ትውጣ? የታወቀና ንብረት ያለው ዋስ አምጪ አሉኝ። ሁሉም ባለመሬቱን ፈርቶ እምቢ አለኝ። አንተ ናልኝ ልጄ።»

«አዴ ብርቄ፣ መታወቁስ ይሁን... ንብረቱን ከየት ላምጣው?»

«ና ብቻ!» ብለው ነጠላቸውን እያጣፉ ቀደሙኝ። ምን ላድርግ፣ ተከተልኳቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ስንገባ መቶ አለቃው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዴ! ጌታዬ! እርስዎን ነው የማየው?» ለካ ሰኞ ሰኞ ከተማ ቡና ቤት እየገባ ያየኝ ኖሯል።

«መቶ አለቃ፣ እኔ እንኳ ይህ ነው የሚባል ንብረት የለኝም...»

«ሀብታም ሁሌም እንዲህ ነው የሚለው! ይፈርሙ።»

«ኧረ በእግዜር! ያ ፎቅ እኮ የኔ አይደለም።»

«ገባኝ፣ በባለቤትዎ ስም ነው» ብሎ ጠቀሰኝ። እኔ ገና ሚስትም አላገባሁ!

አዴ ብርቄ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አንጀቴን በሉት። ፈረምኩ።

«ሰኞ ጠዋት ሰውየው ካልቀረቡ እንግዲህ እርስዎን ነው የምናስረው» አለኝ እየሳቀ። ለሱ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

እሁድ ኦቦ ደበላ ልጃቸውን በኦሮምኛ ሲመርቋት ግቢው በሙሉ «አሜን» ይል ነበር። ኦሮምኛዬ ጎደሎ ነው፤ ግማሹ ሳይገባኝ አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ ሙሽራው ልጅቷን ይዞ ወደ አገሩ፣ ወደ ተጂ፣ ሄደ።

ሰኞ ማለዳ የኦቦ ደበላን በር ባንኳኳ... የሉም!

«እኔም ስነቃ አጣሁት» አሉኝ አዴ ብርቄ።

በቃ፣ ተጂ አማቾቻቸው ጋ ሸሽተዋል! የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ በቀጥታ የሚተላለፍ ተውኔት አለብኝ። እኔ ከታሰርኩ ካፖርቱን የሚለብስ ሰው ሞልቷል፤ አንዴ ከለበሰው ደግሞ አያወልቀውም። እንጀራዬ ያቺው ናት። እኔም ልጥፋ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ወዴት? ይሄን ፊት ይዤ የት እደበቃለሁ?

እጄን ልሰጥ ወደ ጣቢያው አዘገምኩ። ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? በሩ ገና ዝግ ነው። ኦቦ ደበላ ከበሩ ፊት ለፊት ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ኧረ ኦቦ ደበላ፣ ገደሉኝ እኮ! ምነው ሳይነጋ መጡ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባረፍድና ቢይዙህስ ብዬ።»

«ትንሽ ቢያረፍዱ ምን ይመጣ ነበር?» አልኩ፣ ደርሶ ጀግና ሆኜ።

ገልመጥ አደረጉኝ። «ዋሴ የእውነት ሀብታም ቢሆንማ ፀሐይ እስኪሞቀኝ እተኛ ነበር። እሱን ቢያስሩት ገንዘቡ ያስፈታዋል። አንተ ግን... ሸሚዝህን ማታ አጥበህ ጠዋት እርጥቡን ስትለብስ የማላይህ መሰለህ? አንተን ቢያስሩህ ማን ያስፈታሃል?»

አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ጉዳዩ በኋላ በሽማግሌ እርቅ አለቀ፤ እኔም ማታ ካፖርቴን ለብሼ ሀብታም ሆንኩ።

አለው ብሎ ከወንበሩ የተነሳልኝ ሰው ብዙ ነው... የለውም ብሎ ከእንቅልፉ የተነሳልኝ ግን አንድ ኦቦ ደበላ ብቻ ናቸው።